ስለ አሮጌ ግንብ ጭቃ ምርመራ

የግንብ ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ድንጋዩን ነው። ድንጋዩ ከየት እንደ መጣ፥ ማን እንደ ጠረበው፥ ስንት ሰው እንደ ተሸከመው ይጠየቃል፤ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለውን ጭቃ ግን ስሙን የሚያነሣለት የለም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ አለት ተፈልፍለው የወጡ ስለ ሆኑ ማያያዣ አላስፈለጋቸውም። ከእንደ እነርሱ ያሉት በቀር ግን ግንብን ግንብ የሚያሰኘው ይኸው ያልተመሰገነው ጭቃ ነው። ጭቃው የተወው ድንጋይ ክምር ይባላል እንጂ ግንብ አይባልም።

ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዱከም ለዚህ ነገር መነሻ ብትሆን አይደንቅም። ከተማዪቱ የቆመችው በአድአ ሜዳ፥ በጥቁሩ መረሬ አፈር ላይ ነው። በአንድ ወገን የረር፥ በሌላው ወገን ዝቋላ ይታያል፤ ሁለቱም በጥንት ዘመን እሳት የተፉ ተራሮች ናቸው። በአካባቢው ያሉት ትንንሽ ኮረብታዎች ሲቆፈሩ ቀይ፥ ቀላል፥ ቀዳዳው የበዛ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይወጣባቸዋል። ሜዳው የጤፍ አገር ስለ ሆነ ጭድ አይታጣበትም። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው ከጥንት ጀምሮ ቤቱንም ቤተ ክርስቲያኑንም የሠራው ከእግሩ ሥር ባገኘው ነው፤ እንጨት ተክሎ፥ አፈሩን ከጭድ ጋር አብኩቶ፥ ጥቂት ቀን አሰንብቶ መርጎታል። አቅም ያለው ደብር ደግሞ ድንጋይ በጭቃ ወይም በኖራ አስገንብቶአል። ዛሬ በዚያው መንገድ በየቀኑ ተጭኖ የሚያልፈው ሲሚንቶ ነው።

ነገሩ የሚከብደው አሮጌው ግድግዳ መላጥ ሲጀምር ነው። ሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ይሰበስባል፤ ምእመናን ካላቸው ላይ ቀንሰው ያመጣሉ፤ ግንበኛ ይጠራል። ግንበኛውም ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ መታ መታ አድርጎ፥ «አባ፥ ይህ እኮ ጭቃ ነው፤ ጉልበት የለውም። በሲሚንቶ ልለስነውና የልጅ ልጆቻችን ይዩት» ይላል። አለቃውም፥ «እንግዲህ ልጄ፥ ሙያው ያንተ ነው፤ እንዳወቅህ አድርግ» ብለው ወደ ማኅሌታቸው ይሄዳሉ። በዚህ አነጋገር ውስጥ ክፋት የለም። ግንበኛው የተማረው በሲሚንቶ መሥራትን ነው፤ አለቃው የተማሩት ዜማና ቅኔ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ያልጠየቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ ግድግዳ እስከ ዛሬ የቆመው በምንድር ነው?» የሚል ነው።

የጥያቄውን ዋጋ ለማወቅ ውኃ በግድግዳ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ማስተዋል ያሻል። ጭቃም ኖራም ውኃ ይጠጣሉ፤ ከመሬት ይስባሉ፥ ከዝናብ ይቀበላሉ፤ የጠጡትንም በበጋ ለነፋስና ለፀሐይ መልሰው ይሰጣሉ። ሲሚንቶ ግን ጥቅጥቅ ያለና ግትር ነው። በላያቸው በተለሰነ ጊዜ ውኃውን ፈጽሞ አይከለክልም፥ በስንጥቅና ከመሠረት በኩል ይገባልና፤ መውጫውን ግን ይዘጋል። የገባው ውኃ መውጫ ሲያጣ የውስጡን ጭቃ ያለሰልሰዋል፤ በውኃው የሟሟውም ጨው ከልስኑ ጀርባ እየደረቀ ሲረጋ ድንጋዩን ይፈረፍረዋል። በአድአ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለው ቤት ሁሉ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይንቀሳቀሳል። የኖራ ጭቃ ለእንቅስቃሴው በመጠኑ ይታዘዛል። ሲሚንቶ አይታዘዝም፥ ይሰነጠቃል፤ ከእርሱ የደከመ ድንጋይ በአጠገቡ ካለም አስቀድሞ የሚሰበረው ድንጋዩ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን ግድግዳው ለስላሳና ያማረ ይመስላል። ልስኑ ተገምሶ ሲወድቅ ከኋላው ያለው ትቢያ ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜም የሚወቀሰው አሮጌው ጭቃ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 13 ስለ ተመረገው ደካማ ግንብ የተናገረውን ለሚያውቅ ካህን፥ ምርጊት ድካምን ሊሸፍን መቻሉ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ይህ ሁሉ በኢትዮጵያ በትልቁ የታየው በጎንደር ነው። የአክሱም ዘመን ግንበኞች ድንጋያቸውን ያያያዙት በጭቃ ነበር። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በአገሩ የነበረው የኢየሱሳውያን ጸሐፊ ማኑኤል ዴ አልሜይዳ እንደሚለው፥ ለኖራ የሚሆነውን ቀላልና ነቀዝ የበላው የሚመስል ድንጋይ ያገኘው ከሕንድ የመጣ አንድ ዐዋቂ ሰው ነው። ሥራውም በደንቀዝ ቤተ መንግሥትና በዓባይ ላይ በተሠራው በዓለታ ድልድይ ታየ። ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ከለቀቀ በኋላ የሆነው ነገር ለሚያስተውል ሰው ደስ ያሰኛል። ፋሲለደስ የአባቶችን ሃይማኖት መለሰ፥ ኢየሱሳውያንንም ከአገር አስወጣ፤ ኖራውን ግን አላስወጣውም። በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ቈርቁሮ ግንቡን በኖራ አሠራ፤ ከእርሱም በኋላ የነገሡት እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምን እስካሠሩበት ዘመን ድረስ እየጨመሩበት ሄዱ። ኖራም የጎንደር ግንበኞች፥ በተለይም በዚህ ሙያ ስመ ጥር የነበሩት የቤተ እስራኤል፥ የእጅ ጥበብ ሆነ።

በእንፍራዝ ያለው የጉዛራ ግንብ ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ትውፊት ግንቡን ለዐፄ ሠርፀ ድንግል ይሰጠዋል፤ ከሊቃውንት አንዳንዶቹ ግን ወደ ኋላ ዘመን ያወርዱታል። ኖራ የታወቀው በሱስንዮስ ዘመን ከሆነ ከዚያ በፊት በኖራ የተገነባ ግንብ እንዴት ይገኛል ነው ነገሩ። ወይ አልሜይዳ ያላወቀው ሌላ ኖራ ነበረ፥ ወይ ግንቡ የኋላ ነው። በዚህ ዓይነት አንድ ጭብጥ የማይሞላ ጭቃ የአንድ ንጉሥ ሥራ የእርሱ መሆኑንና አለመሆኑን ለመወሰን ምስክር ሆኖ ይጠራል ማለት ነው።

ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደር በጣልያኖች እጅ በነበረ ጊዜ ግንቦቹ ሲጠገኑ ሲሚንቶና ብረት የገባበት ኮንክሪት ገባባቸው። በዚያን ጊዜ የዘመን ሥራ ተብሎ ነበር። በኋላ ግን በ1960ዎቹ በዩኔስኮ ርዳታ ጥገና ሲደረግ ሲሚንቶውን እያነሡ በኖራ መተካት ግድ ሆነ፤ ፋሲል ግቢም በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ለሲሚንቶው ሁለት ጊዜ ተከፈለበት፤ አንድ ጊዜ ለማስገባት፥ አንድ ጊዜ ለማውጣት። የማውጣቱ ዋጋ ይብሳል፤ ሲሚንቶ ከድንጋዩ የጠነከረ በሆነበት ስፍራ ሲፈለቀቅ የድንጋዩን ፊት ይዞ ይወጣልና። ለጎንደር ያህል ቦታ እንኳ ከውስጥም ከውጭም ባለሙያ ተገኘለት። በአድአ ገጠር ላለች አንዲት ደብር ግን የተሳሳተውን ልስን የሚያነሣላት ማንም አይመጣም፤ ለእርሷ ያላት ጊዜ ከመለሰኑ በፊት ያለው ብቻ ነው።

ምርመራው ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የኖራን ጠባይ ማወቅ ይበቃል። የኖራ ድንጋይ በምድጃ ውስጥ እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲግል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው አየር ከውስጡ ይወጣል፤ 100 ኪሎ ንጹሕ ድንጋይ 44 ኪሎውን በዚህ አየር አጥቶ 56 ኪሎ ሆኖ ይቀራል። ይህ የተቃጠለው ውኃ ሲያገኘው እየፈላ ይጠጣል፥ ይለሰልሳል። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ግንብ ውስጥ በገባ ጊዜ በእሳት ያጣውን አየር ከነፋሱ ቀስ በቀስ መልሶ እየወሰደ ዳግመኛ ድንጋይ ይሆናል። እንግዲህ በአሮጌ ግንብ ውስጥ ያለው ኖራ ወደ ጥንተ ተፈጥሮው የተመለሰ የኖራ ድንጋይ ነው።

የኬሚስትሪ ሊቅ ከግንቡ የወሰደውን ቁራጭ ያደርቃል፥ ይመዝናል፥ ቀስ ብሎ ይሰብራል፤ ከዚያም በውኃ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያፈስበታል። ቁራጩ ጠጅ ሲፈላ እንደሚያደርገው አረፋ ያነሣል፤ ኖራው ሟሙቶ አየሩ ይወጣል፥ አሸዋው ከሥር ይቀራል። ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ ሰም ቀልጦ ወርቅ የሚቀርበትን የአንጥረኛ ሥራ ማስታወሱ አይቀርም፤ ነገር ግን እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። የቀረው አሸዋ ነው፤ የሚፈለገው ኖራ ቀልጦ ሄዶአል፥ መጠኑም የሚታወቀው በጎደለው ነው። ለምሳሌ 100 ግራም ደረቅ ቁራጭ ተመዝኖ፥ ከአሲዱ በኋላ ታጥቦና ደርቆ 70 ግራም አሸዋ ቢቀር የሟሟው 30 ግራም ነው። ይህ 30 ግራም ወደ ድንጋይነት የተመለሰ ኖራ ስለ ሆነ፥ የጥንቱ ግንበኛ ያስገባው ውኃ የጠጣ ኖራ 22 ግራም ያህል እንደ ነበረ በሒሳብ ይገኛል። በክብደት 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ አሸዋ ያህል ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ሊቁ የሚለካው በሚዛን ነው፤ ግንበኛ የሚለካው በባልዲ ነው። ደረቅ የኖራ ዱቄት ቀላል ስለ ሆነ አንድ ባልዲ ኖራ የአንድ ባልዲ አሸዋን ክብደት ግማሽ እንኳ አይመዝንም። በሚዛን 1 ለ3 የተባለው በባልዲ ሲሰፈር 1 ለ1 ወይም ከዚያ ጥቂት አለፍ ያለ ይሆናል። በወረቀት ላይ የተጻፈለትን 1 ለ3 በባልዲ ሰፍሮ ደረቅ ኖራ ያቦካ ሰው ከጥንቱ የደከመ ጭቃ ሠርቶ «የአባቶች ሙያ ይኸው ነው» ይላል።

የቀረውም አሸዋ ዝም የሚል አይደለም። በወንፊት ተነፍቶ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የመጣበትን አገር ይናገራል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የተሠራ ግንብ ቢሆን ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፥ ነጩ በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ፥ አንዳንድ ጊዜም ጥቁሩ ባልጩት ይታይበታል፤ ጠጋኙም አሸዋውን ከየትኛው ወንዝ ወይም ኮረብታ እንደሚያመጣ ያውቃል። እንዲህ ያለውን አሸዋ አሲድ ብዙ አይበላውም፤ በዚህ በኩል የዱከም አገር ለመርማሪ የተመቸ ነው። በሌላ በኩል ግን ያስቸግረዋል። የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር ሲገናኝ አሸዋ ብቻ ሆኖ አይቀመጥም፤ ከኖራው ጋር ተዋሕዶ በውኃ ውስጥ እንኳ የሚጠነክር ማያያዣ ይሆናል። ሮማውያን ይህን ያወቁት ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮም ሲሄድ ከመርከብ በወረደባት በፑቲዮሉስ አጠገብ ባለው አመድ ነው፤ ፖዞላና የሚለው ስምም የወጣው ከዚያች ከተማ ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ቀላሉን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈጭተው ከሲሚንቶ ጋር የሚቀላቅሉት ስለዚሁ ጠባይ ነው። እንዲህ ያለ ውሕደት በአሮጌ ግንብ ውስጥ ካለ የአሲዱ ሒሳብ ብቻውን አይታመንም፤ ቁራጩ እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር ድረስ ሳስቶ በአጉሊ መነጽር መታየት አለበት፥ በኤክስሬይም መመርመር አለበት።

አሲድን የሚያታልሉ ሌሎችም አሉ። በደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለው «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚባለው የራስ ዳርጌ ሥራ ነው ይባላል፤ ጭቃው ከኖራና ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት እንደ ተሠራም ይነገራል። ይህን የሰማ የከተማ ሰው ስቆ ያልፋል። ሳቁ ግን ችኮላ ነው። የእንቁላል ቅርፊት በባሕርይው ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ነው፤ አሲድ ሁለቱንም እኩል ያሟሟቸዋልና በዚህ መንገድ ትውፊቱን ውሸት ነው ለማለትም እውነት ነው ለማለትም አይቻልም። የቅርፊቱን ቅርጽ መለየት የሚችለው አጉሊ መነጽር ነው። የእንቁላሉ ውሃ ገብቶ እንደ ሆነ ደግሞ ሌላ ዓይነት ምርመራ ያሻዋል። በቻይና አገር የቆዩ ግንቦች የሚጣበቅ ሩዝ ቅቅል በኖራ ውስጥ እንደ ገባባቸው በአፈ ታሪክ ይነገር የነበረው ሁሉ በመጨረሻ በምርመራ እውነት ሆኖ ተገኝቶአል፤ የሩዙ ስታርች በአዮዲን ይታወቃልና።

ከአሲድ የሚቀረው ሁልጊዜ አሸዋ ብቻ እንዳልሆነ በጥልቅ ያስተዋለው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ስሚተን ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1756 በባሕር መካከል የመብራት ግንብ ለመሥራት ሲነሣ የየአገሩን የኖራ ድንጋይ በአሲድ እያሟሟ አየ፤ ከሥር የሸክላ አፈር የሚቀርበት ድንጋይ ውኃ የማይበግረው ኖራ እንደሚሰጥ ተረዳ። ከ68 ዓመት በኋላ በ1824 ጆሴፍ አስፕዲን ፖርትላንድ ሲሚንቶ ላለው ሥራ የባለቤትነት መብት አገኘ። ይህ ዓመት ለመርማሪ ትልቅ ምልክት ነው፤ በአንድ አሮጌ ግንብ ጭቃ ውስጥ የፖርትላንድ ሲሚንቶ ቅንጣት ከታየ ያ ስፍራ ከዚያ ዘመን በኋላ የተነካ ነው።

በገጠር ደብር ውስጥ ኤክስሬይ ከየት ይመጣል የሚል ይኖራል። እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ነገር በማንኛውም ቤት ይገኛል። ከውስጥ የተቆረሰ ጭቃ ተደቁሶ የሎሚ ውኃ ወይም ኮምጣጤ ቢንጠባጠብበትና አረፋ ቢያነሣ ኖራ አለበት፤ ዝም ቢል የአፈር ጭቃ ነው። መረሬ ራሱ አንዳንድ ጊዜ ነጫጭ የኖራ ጠጠር ስላለበት ጥቂት አረፋ ብቻ ቢታይ አለመቸኮል ነው። በሚስማር ሲጫር የሚነጣና የሚፈርስ ከሆነ ኖራ፥ ግራጫና የማይበገር ከሆነ የኋላ ሲሚንቶ መሆኑ ይገመታል። የአፈር ጭቃ ከሆነ ደግሞ በብርጭቆ ማሰሮ ውኃ ተጨምሮበትና ተንጦ አንድ ቀን ይተዋል። አሸዋው አስቀድሞ ይዘቅጣል፥ ደቃቁ በላዩ ይተኛል፥ ሸክላው በመጨረሻ ይወርዳል፥ ጭዱ ይንሳፈፋል። የእያንዳንዱ ንጣፍ ውፍረት በጣት ተለክቶ ሲጻፍ የድሮው ምራጊ ያቦካበት ልክ ከነጭዱ ይታወቃል።

ቁራጩ ከየት ይወሰድ የሚለው ከሁሉ ይከብዳል። ዝናብ ካጠበው ፊት፥ ቀድሞ ከተጠገነ ስፍራ፥ በአሮጌ ጣራ ጠፈፍ ሥር ካለ ግድግዳ የተወሰደ ቁራጭ ስለ ራሱ እንጂ ስለ ግንቡ አይናገርም። ስለዚህ ከላይም ከታችም፥ ከደቡብም ከሰሜንም፥ ጥቂት ጣት ወደ ውስጥ ገብቶ ጭብጥ ጭብጥ ያህል ይወሰዳል። ሥዕል ባለበት ግድግዳ ግን እጅ አይነሣበትም፤ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ሕንፃ ከሆነም ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይነካም። ይህ ሁሉ ለካህን እንግዳ ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14ን መልሶ ይመልከት። የቤት ለምጽ በታየ ጊዜ የሚጠራው ግንበኛ አልነበረም፥ ካህኑ ነበር እንጂ። እርሱም ግድግዳውን ያያል፥ ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋል፥ ተመልሶ ያያል፤ ድንጋዩ የሚወጣው፥ ምርጊቱ የሚፋቀው፥ ሌላ ጭቃም የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።

የተወሰደው ቁራጭ እያንዳንዱ ለብቻው በወረቀት ተጠቅልሎ፥ የተወሰደበት ቀን፥ የግድግዳው ወገንና ከመሬት ያለው ከፍታ ይጻፍበታል፤ ግማሹ ለመርማሪው ይሄዳል፥ ግማሹ በዕቃ ቤት ይቀመጣል። ጥገናውም ክረምቱ ካለፈ በኋላ፥ ግድግዳው የጠጣውን ካወጣ በኋላ ይጀመራል። የሞተው ጭቃ ከድንጋዮቹ መካከል በቀጭን መሮ ተፍቆ ይወጣል፥ ድንጋዩ በውኃ ይረጠባል፥ አስቀድሞ በጉድጓድ ውስጥ ውኃ ጠጥቶ የሰነበተው ኖራ ከተመረጠው አሸዋ ጋር ተቦክቶ ይገባበታል። በአድአ በጥቅምትና በኅዳር ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ኖራ ደግሞ ቶሎ ከደረቀ አይጠነክርም። ስለዚህ የተጠገነው ስፍራ በረጠበ ኬሻ ይሸፈናል፥ ኬሻውም ለብዙ ቀን ጧትና ማታ ውኃ ይርከፈከፍበታል፤ ለዚህም ከአብነት ተማሪዎች አንዱ ቢመደብ ይበቃል።